በባሌ ፕሮሰስ ላይ ሆኜ ስሜን ልቀይር ወይ?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 28 ዓመቴ ነው። አዳማ ውስጥ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ያገባሁት ከስምንት ወር በፊት ነው። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሠርጋችንን እዚሁ ሠርገን እሱ ተመለሰና ፕሮሰስ ጀመረልኝ። የመጀመሪያው ፎርም ጸድቆ ጉዳያችን ኤንቪሲ፣ ማለትም የአሜሪካ የቪዛ ማዕከል፣ ደርሷል።

ባለፈው ወር የባለቤቴ እህት ደወለችልኝ። ‹እስካሁን ስምሽን አልቀየርሽም እንዴ? ላስት ኔማችሁ ካልተመሳሰለ ኤምባሲው ጋብቻው የውሸት ነው ብሎ ይጥልሻል› አለችኝ። ባለቤቴም ‹እዚህ ሚስት የባሏን ስም ነው የምትይዘው፤ ብትቀይሪ ደስ ይለኛል› አለ። አልተቆጣኝም። ግን ደጋግሞ ያነሳዋል።

ለአባቴ ነገርኩት። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ምንም አላለኝም። ብድግ ብሎ ወጣና ጓሮ ያሉትን ጽጌረዳዎች ውኃ ማጠጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንስቶት አያውቅም። ቪዛዬ እንዳይበላሽ እፈራለሁ። ባሌ እንዲከፋው አልፈልግም። አባቴን ደግሞ እንደዚያ ሆኖ ማየት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ም. ከአዳማ»

ውድ እህቴ ም.፣

መጀመሪያ ከፍርሃቱ ላውጣሽ። ስምሽን ስላልቀየርሽ ቪዛ የሚከለክልሽ የለም። የአሜሪካ ሕግ ሚስት የባሏን ስም ትያዝ አይልም። እዚያው ተወልደው ያደጉ ብዙ ሴቶችም ካገቡ በኋላ በራሳቸው ስም ይኖራሉ። እንጦጦ መንገድ ላይ ባለው ኤምባሲ መስኮት ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ደግሞ በየቀኑ የሚያስተናግዱት እኛን ነው። ኢትዮጵያዊት ሚስት የአባቷን ስም ይዛ እንደምትኖር አሳምረው ያውቃሉ።

እነሱ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። የት ተዋወቃችሁ? ማን አስተዋወቃችሁ? እሱ ስንት ጊዜ መጣ? ፓስፖርቱ ላይ የመግቢያ ማኅተም አለ ወይ? ሠርጉ ላይ የሁለታችሁም ቤተሰብ ነበር ወይ? ከሠርጉ በኋላስ እንዴት ትገናኛላችሁ? የሠርግ ፎቶ፣ የትኬት ቁራጭ፣ የስልክና የመልእክት ልውውጥ፣ ገንዘብ የላከበት ደረሰኝ፣ አንቺ ስለ ሥራው እሱ ስለ ቤተሰብሽ የምታውቁት ነገር፣ ይሄ ነው ማስረጃው። የባለቤትሽ እህት በክፋት ያለችው አይመስለኝም። ሰው ከሰው እየሰማ ያወራል። ከሰማሽው ወሬ ውስጥ ግን ይሄኛው ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ። እስክትገቢ ድረስ ስምሽን አትንኪው። ዛሬ የአባትሽን ስም ለዘላለም ያዢ ወይም ተዪ እያልኩሽ አይደለም። እሱን በኋላ ትወስኛለሽ። አሁን ግን ጊዜው አይደለም።

ለምን? ቪዛው የሚታተመው በፓስፖርትሽ ላይ ባለው ስም ነው። ሌላ ስም ላይ አይታተምም። ዲኤስ 260 የሚባለው የማመልከቻ ፎርም ስምሽን ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው እንድትሞዪ ነው የሚጠይቅሽ። ኤንቪሲ የምትልኪው የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ ከወንጀል ነፃ ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ ስም ነው ያለው። የሕክምና ምርመራውም በዚያው ስም ይሄዳል። አሁን በኢትዮጵያ ፓስፖርትሽ ላይ ስምሽን ልቀይር ብትዪ፣ በኛ አገር ጋብቻ ስም አይቀይርምና ፍርድ ቤት ሄደሽ ማስወሰን ሊኖርብሽ ነው። ከዚያ አዲስ ፓስፖርት። ከዚያ ሌሎቹን ወረቀቶች ከአዲሱ ስም ጋር ማስታረቅ። ከዚያ ለኤንቪሲ ማስረዳት። ይሄ ሁሉ ጣጣ ማንም ላልጠየቀሽ ነገር ነው። እየሄደ ያለን ፕሮሰስ በገዛ እጅሽ ታስቆሚያለሽ።

ይልቅ ጊዜሽን በዚህ ላይ አጥፊው። ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽን፣ የልደት ሰርተፊኬትሽንና ከወሳኝ ኩነት የወሰዳችሁትን የጋብቻ ሰርተፊኬት ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አስተያዪ። የኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው። «ፀሐይ» አንዱ ወረቀት ላይ በዋይ ትጨርሳለች፣ ሌላው ላይ በአይ። «መሐመድ» ስንት ዓይነት ተደርጎ እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ። የአባትሽን ስም፣ የአያትሽን ስም፣ የባለቤትሽንም ስም እዪ። የልደት ቀኑንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር እንዳልተሳሳተ ቆጥረሽ አረጋግጪ። ስህተት ካገኘሽ ወረቀቱን ወደሰጠሽ ቢሮ ሄደሽ አሁኑኑ አስተካክዪ። ሰው ኢንተርቪው ደርሶ የሚመለሰው ላስት ኔም ስላልተመሳሰለ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

አሁን ባለቤትሽ ወደሚለው ልምጣ። ይሄ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለምና ጊዜ ወስጄ ልንገርሽ።

እሱ «የባል ስም» ሲል በልቡ ያለው የአሜሪካኖቹ የቤተሰብ ስም ነው። የነሱ ላስት ኔም ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ እንዳለ የሚወርድ ነው። ሚስት ስትቀይር የምትገባው ሁሉም ወደሚጠራበት የቤቱ ስም ነው። የኛ እንደዚያ አይደለም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የራሳችን ስም፣ ከዚያ የአባታችን ስም፣ ከዚያ የአያታችን ስም ነው። በየትውልዱ አንድ ስም ይጨመራል፣ አንድ ይወድቃል።

በምሳሌ ላሳይሽ። አንቺን ምሕረት ታደሰ ወልዴ ልበልሽ። ባለቤትሽን ዮናስ በቀለ ገብሬ እንበለው። ፓስፖርታችሁን ከፍታችሁ እዩ። የብዙዎቻችን ፓስፖርት የአያትን ስም ላስት ኔም ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ዮናስ አሜሪካ ሲገባ «ሚስተር ገብሬ» ሆነ ማለት ነው። ገብሬ ግን አያቱ ናቸው። አንቺ የሱን ላስት ኔም ብትወስጂ «ምሕረት ገብሬ» ትሆኛለሽ። አሁን ይህን ስም የባለቤትሽ መንደር ሄደሽ ተናገሪ። የሰማሽ ሰው «የገብሬ ልጅ ነሽ?» ነው የሚልሽ። የገብሬ ልጅ ከሆንሽ የአባቱ የበቀለ እህት ነሽ። ለዮናስ አክስቱ ሆንሽ ማለት ነው።

«ምሕረት በቀለ» ብትሆኚ ደግሞ እህቱ። «ምሕረት ዮናስ» ብትሆኚ ልጁ። በኛ ጆሮ ከስም ቀጥሎ የሚመጣ ስም «አባቴ እሱ ነው» ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። የትኛውንም ብትመርጪ ሚስትነትሽን የሚናገር አይገኝም። አባትሽ ብድግ ብሎ የወጣው ለዚህ ይመስለኛል። እሱ የሰማው «ስሜን ልቀይር ነው» የሚለውን አይደለም። «ሌላ ሰው አባቴ ነው ልል ነው» የሚለውን ነው። የዕድሜ ልክ መምህር ነው አልሽኝ። በየዓመቱ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። የልጅ ስም ከአባት ስም ጋር አብሮ ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?

ባለቤትሽ ግን ይህን አስቦ አይመስለኝም። ብዙ ዓመት እዚያ የኖረ ሰው የአገሩን ነገር በአዲሱ አገር መስፈሪያ መስፈር ይጀምራል። «እዚህ እንዲህ ነው» የሚለው እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ልማዱ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ከባሏ ተለይታ በሕግ ፊት አትታይም ነበር፤ ንብረቷም ስሟም በሱ ስር ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ሉሲ ስቶን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1855 አግብታ ስሜን አልቀይርም ያለችው ይህን ተቃውማ ነው። ጎረቤት ካናዳ ኩዊቤክ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሴት ብታገባም በሕግ የምትጠራው በራሷ ስም ነው። ስለዚህ የባልን ስም መያዝ የሥልጣኔ ምልክት ነው ብሎ የሚነግርሽ ካለ አትስሚው። የአንዳንድ አገር ልማድ ነው። የኛም የኛ ልማድ ነው።

ድሮ በአንዳንድ አካባቢያችን ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላት ነበር። ስሙ የፍቅር ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነሽ» ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ግን የአባቷን ስም የነካው አልነበረም። ለባለቤትሽ ይህን ብትነግሪው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እናቱ ስም ያውጡልሽ። ቤት ውስጥ በዚያ ይጥራሽ። እውነቱን ለመናገር የሚፈልገው ይህን የመሰለ ነገር ይመስለኛል፤ የሱ መሆንሽን በሆነ ነገር መስማት።

የራሴን ልንገርሽ። እኔም እንዳንቺ በባሌ ነው አሜሪካ የመጣሁት። ግሪን ካርዴን ከተቀበልኩ በኋላ ማንም ሳያስገድደኝ ላስት ኔሜን ቀየርኩ። ያኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ግሪን ካርዱ በአዲሱ ስም መጣ፣ መንጃ ፈቃዱም፣ የባንክ ካርዱም። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ግን በድሮው ስሜ ቀረ። ችግር አልነበረውም፣ ምክንያቱም አልተጓዝኩም።

አንድ ሐሙስ ሌሊት አባቴ ማረፉን ነገሩኝ። ወንድሜ እየተጣደፈ ትኬት ቆረጠልኝ። የቆረጠው ስልኩ ላይ ባለው ስሜ ነው፣ ማለትም በአዲሱ። ኤርፖርት ደረስኩ። ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን ገለጠች፣ ትኬቱን አየች፣ እንደገና ፓስፖርቱን አየች። «ይሄ ስም የማን ነው?» አለችኝ። የጋብቻ ሰርተፊኬቱን አልያዝኩም። ስልኬ ላይ ፎቶውን ፈለግኩ፣ አጣሁት። ትኬቱ እንዲስተካከል ጠየቅን፤ እስኪስተካከል በረራው ሄደ። የቀብሩ ዕለት እኔ ኤርፖርት ወንበር ላይ ነበርኩ። አገሬ የደረስኩት በሠልስቱ ነው። ከዚያ በኋላ የወራሽነት ወረቀት ስናወጣ እኔ የአባቴ ልጅ መሆኔን፣ ሁለቱም ስም የእኔ መሆኑን በሰነድና በምስክር ማስረዳት ነበረብኝ። ያደግኩበት ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ ዳኛው ፊት ቆመው «እኔ ነኝ ጡት ስትጥል ያየኋት» አሉልኝ። በአባቴ ስም ብቆይ ኖሮ ያ ሁሉ አያስፈልግም ነበር።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የቀየሩ፣ ምንም ያልደረሰባቸው፣ ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ብዙ አሉ። ግን አንድ ሰው በሁለት ስም ሲኖር በሁለቱ መሃል ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ የሚታየው ደግሞ ሰው በሚቸኩልበት ቀን ነው።

ነርስ መሆንሽ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨምርልኛል። እዚያ ሙያሽን ይዘሽ መቀጠል ትፈልጊያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ዲግሪሽ፣ የትምህርት ቤት ውጤትሽ፣ የሙያ ፈቃድሽ ሁሉም በአባትሽ ስም ነው። ትምህርት ቤትሽ ወረቀቶቹን በቀጥታ ለሚገመግመው ድርጅት መላክ አለበት። ከዚያ የስቴቱ የነርሶች ቦርድ፣ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና። ፈተናው ላይ የምታሳዪው መታወቂያ ከተመዘገብሽበት ስም ጋር አንድ ካልሆነ በር ላይ ይመልሱሻል፤ የከፈልሽው 200 ዶላርም አይመለስም። ስምሽ ተቀይሮ ቢሆን በየደረጃው የጋብቻ ሰርተፊኬት እያያያዝሽ «እሷም እኔ ነኝ» እያልሽ ነው የምትሄጂው። ይቻላል። ግን ሥራ ለመጀመር ለቸኮለ ሰው ወራት ይበላል። ፈቃድሽን እስክታወጪ ድረስ ብትታገሺ ለራስሽ ትልቅ ውለታ ነው።

እሺ፣ ገባሁ እንበል። ከዚያስ?

ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከገባሽ የሚሰጥሽ ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ከገባሽ የአሥር ዓመቱን ታገኛለሽ። የሁለት ዓመቱ ከሆነ ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው አይ 751 የሚባለውን ፎርም አብራችሁ ታስገባላችሁ። ያኔም ስም ለምን አልቀየርሽም የሚልሽ የለም። የሚጠየቀው አብሮ መኖራችሁ ነው። የቤት ኪራይ ውል በሁለታችሁ ስም፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ አብራችሁ ያስገባችሁት ታክስ፣ ልጅ ካለ የልጁ ልደት ሰርተፊኬት። ከገባሽበት ቀን ጀምሮ ወረቀት ማስቀመጥ ልመጂ። አንድ ፋይል ግዢና የሚመጣውን ፖስታ ሁሉ እዚያ ክተቺ።

በዚህ መሃል ልብሽ መቀየር ካለ ይቻላል። አሠራሩ እንደ ስቴቱ ይለያያል። አንዳንዱ የጋብቻ ሰርተፊኬት ይበቃዋል። አንዳንዱ ደግሞ ያገባሽው ኢትዮጵያ ስለሆነና ሰርተፊኬቱ ላይ «ከጋብቻ በኋላ ስም» የሚል ቦታ ስለሌለው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጪ ይልሻል። ስምሽ በሕግ ከተቀየረ ግሪን ካርዱን ለማስቀየር አይ 90 ትሞያለሽ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ክፍያው በወረቀት 465 ዶላር፣ በኦንላይን 415 ነው። የሁለት ዓመት ካርድ ከያዝሽ ግን ለዚህ ብለሽ አትክፈይ። ካርዱ በአይ 751 ጊዜ መቀየሩ አይቀርም፤ ያኔ ከማስረጃው ጋር አዲሱን ስም መጠየቅ ትችያለሽ። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድን በስም ለውጥ ማስቀየር ነፃ ነው። ታክስ ከማስገባትሽ በፊት ግን ሶሻል ላይ ያለው ስምና ታክሱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን እዪ፤ ካልሆነ ተመላሹ ገንዘብ ይዘገያል። ፓስፖርትሽ በድሮው ስም እያለ ከተጓዝሽ ደግሞ ትኬቱን በፓስፖርቱ ስም ቁረጪ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬቱን ዋናውን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። በሻንጣ አታስገቢው። ይህን ከእኔ ተማሪ።

እኔ ግን አንቺን ብሆን ሲቲዝን እስክሆን ነው የምጠብቀው። ከአሜሪካ ዜጋ ጋር በትዳር አብራ የኖረች ሴት ግሪን ካርዷን ከያዘች ከ3 ዓመት በኋላ ለዜግነት ማመልከት ትችላለች። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን 400 የሚባለው፣ «ስምሽን በሕግ መቀየር ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቅሻል። አዎ ካልሽና ቃለ መሐላው ዳኛ ፊት ከሆነ፣ ለስም ለውጡ ተጨማሪ ሳትከፍዪ ዜግነቱና ስሙ በአንድ ቀን ያልቃሉ። የዜግነት ሰርተፊኬትሽ በአዲሱ ስም ይወጣል፣ የአሜሪካ ፓስፖርትሽም በዚያው። ሁለት ስም ይዞ መንከራተት የለም። አንድ ነገር ብቻ አትርሺ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ሲቲዝን ስትሆኚ አገርሽ የምትገቢው በቪዛ ወይም በቢጫ ካርድ ነው። ቢጫ ካርድ ስታወጪ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆንሽን በድሮ ወረቀቶችሽ ታሳያለሽ። ስም ቀይረሽ ከሆነ የቀየርሽበትን ሰነድ ጨምረሽ ነው። የድሮ ፓስፖርትሽን ጊዜው አልፎበታል ብለሽ እንዳትጥዪው።

እስከዚያ ድረስ ሦስት ዓመት አለሽ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። አብራችሁ ትኖራላችሁ። ምናልባት ልጅ ይመጣል። ያኔ ጥያቄው ከአንቺ ስም ወደ ልጁ ስም ይዞራል። እሱ ነው ይበልጥ ልትነጋገሩበት የሚገባው። ልጁ እንደ አገራችን «ዮናስ»ን ይያዝ ወይስ እንደ አሜሪካኖቹ «ገብሬ»ን? «ገብሬ»ን ከያዘ ወንድሞቹና የአጎቶቹ ልጆች ሁሉ አንድ ላስት ኔም ይኖራቸዋል። የአባቱን ከያዘ አባትና ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የተለያየ ላስት ኔም ይኖራቸዋል። ሁለቱንም መንገድ የሄዱ አበሾች በየሰፈሩ አሉ። ስምሽ ከልጅሽ ስም ቢለይ ልጅሽን ይዘሽ ስትጓዢ የሁለታችሁ ስም ያለበትን የልደት ሰርተፊኬት ትይዣለሽ፣ በቃ። ብቻሽን ከሆንሽ ደግሞ አባቱ መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ መያዝ ጥሩ ነው። «ስምሽ ካልተቀየረ ልጅሽን ይነጥቁሻል» የሚል ወሬ ከሰማሽ እሱንም እዚያው ተዪው።

አሁን ባለቤትሽን እንዴት ታናግሪዋለሽ? በእህቱ በኩል አታድርጊው። በጽሑፍ መልእክትም አታድርጊው። በቪዲዮ ሲደውል፣ እሱ ከሥራ መጥቶ እራቱን ከበላ በኋላ፣ ፊትሽን እያየ ይስማሽ። በቪዛው ጀምሪ፣ ምክንያቱም እሱም የሚፈራው እሱን ነው። «አሁን ፓስፖርቴን ከነካሁ ፕሮሰሱ ይዘገያል፣ እኔ ደግሞ ቶሎ መምጣት ነው የምፈልገው» በዪው። ይሄ እውነት ነው፣ እሱንም ያስደስተዋል። ከዚያ ስሙ በኛ ምን እንደሚሆን፣ አክስቱ ወይም እህቱ እንደሚያደርግሽ ንገሪው። ምናልባት አስቦት አያውቅም። ከዚያ ስለ አባትሽ ንገሪው። ስለ ጽጌረዳው፣ እንዳልሽኝ አድርገሽ። አማቹን ቢያከብር ይህን ሰምቶ ዝም አይልም። በመጨረሻ ደግሞ ጠይቂው፤ «ስሜ ቢቀየር ምን ይሰማህ ነበር? ምን ትፈልጋለህ?» ብለሽ። መልሱን አትቁረጪበት። ሰው በስደት ብቻውን ሲኖር ቤት መመሥረቱን በሆነ ነገር ማየት ይፈልጋል። ያን ነገር ከስም ውጭ ልትሰጪው ትችያለሽ፤ ግን መጀመሪያ ምን እንደሆነ መስማት አለብሽ።

እሱ ሰምቶሽ፣ አንቺም አስበሽበት፣ ከዓመታት በኋላ «የለም፣ እፈልገዋለሁ» ካልሽ እኔ በደስታ ነው የምቀበለው። የአባትን ስም ሳይጥሉ የባልን ስም የሚጨምሩም አሉ። የአባትሽን ስም መሃል ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ የሱን መጨረሻ ላይ። ያም መንገድ ነው። የማልቀበለው ፈርተሽ ብታደርጊው ነው።

አባትሽን በተመለከተ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። እንደነዚህ ያሉ አባቶች ስለ ስማቸው አፍ አውጥተው አይለምኑም። ዲኤስ 260ን ስትሞዪ እሱ ባለበት ሙዪው። ፊደሉን እሱ ይንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። የአባት ስም የሚለው ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት።

የጋብቻ ሰርተፊኬትሽና ፓስፖርትሽ በፊደል ተስማምተው ካገኘሽ ደግሞ ጻፊልኝ። ካልተስማሙም ጻፊልኝ፤ ወደ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ይዘሽ የምትሄጂውን ወረቀት አብረን እናያለን።